ሞተሩ ደህና ነው፤ የቀለለው እግሩ ነው

ስለ ትራክተር ጎማ ውሃ አሞላል ለባለቤቶች፣ ለኦፕሬተሮችና ለመካኒኮች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የትራክተር ባለቤቶች፣ ኦፕሬተሮች፣ መካኒኮች፣ ጎሚስታ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አደራችሁ! ማሳ የሚጠብቀው ሰው ግማሽ ቀን ሰጠ ማለት ብዙ ሰጠ ማለት ነው። ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጊዜያችሁን በከንቱ ላለማጥፋትም ቃል እገባለሁ።

ዛሬ የምናገረው በትራክተር ጎማ ውስጥ ስለሚሞላ ውሃ ነው። መጀመሪያ ክብደት ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ማስፈለጉንም በምን እንደምናውቅ እናያለን። ቀጥሎ ምን እንደምንሞላና እንዴት እንደምንሞላ እንነጋገራለን። በመጨረሻ ስለ ጥንቃቄ እናገራለሁ። ያንን ሳልጨርስ ማንም እንዳይነሳብኝ አደራ እላለሁ፤ ከቤቴ የወጣሁት በዋናነት ለእሱ ነውና።

ከራሴ ልጀምር። ገና ወጣት ኦፕሬተር ሳለሁ የምነዳው ትራክተር ኃይሉ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ የሚሄድ ነበር። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ይጎትታል። አፈሩ ትንሽ ጠጠር ሲል ሞተሩ ያጓራል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጎማው ይዞራል፣ ትራክተሩ ግን ፈቀቅ አይልም። አንድ ፈር ለመጨረስ ሦስት አራት ጊዜ ማረሻውን አነሳለሁ፣ ደግሜ አወርዳለሁ። ባለቤቱ «ሞተሩ ደክሟል» አለ፤ እኔም አመንኩት። ሞተሩ ወረደ፣ ተፈታ፣ ያረጀው ዕቃ ተቀየረ፣ ተመልሶ ተገጠመ። ብዙ ገንዘብ ወጣ። በደስታ ማሳ ገባን። ምን ተለወጠ? ምንም! ያው ጩኸት፣ ያው ጭስ፣ ያው ባለበት መዞር።

በዚያን ጊዜ በሥራው የሸመገሉ አንድ መካኒክ ነበሩ፤ ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። መጡ። ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱም። ከኋላ ጎማው ጀርባ ተንበርክከው ጎማው ያለፈበት ዱካ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ዱካው የጥርስ ቅርጽ የለውም። አፈሩ ተልጦ፣ ታሽቶ፣ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ለስልሷል፤ በላዩም ከጎማው የተላጠ ጥቁር ፍርፋሪ ተበትኗል። ፍርፋሪውን በሁለት ጣታቸው አንስተው አሳዩኝና «ሞተሩ ደህና ነው ልጄ፤ የቀለለው እግሩ ነው» አሉኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ውሃ ሞላንላቸው። በማግስቱ በዚያው ማሳ፣ በዚያው ማረሻ፣ በዚያው ማርሽ ከዳር እስከ ዳር ማረሻውን አንድ ጊዜ ሳላነሳ ሄድኩ። ስለዚህ ትራክተራችሁ አልጎትት ሲላችሁ፣ እባካችሁ፣ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት የጎማውን ዱካ እዩ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንግባ። ትራክተር የሚጎትተው በሞተሩ ጉልበት ብቻ ነው ወይ? አይደለም። ሞተሩ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ጎማው ደግሞ መሬቱን መጨበጥ አለበት። ጎማው መሬቱን ካልጨበጠ ያ ሁሉ ጉልበት የት ይሄዳል? ጎማ በመብላትና አፈር በመላጥ ያልቃል። ጭብጡን የሚሰጠው በአብዛኛው ክብደት ነው። በደህና ማሳ ላይ ትራክተር የሚጎትተው ኃይል መንጃ ጎማዎቹ ላይ ካረፈው ክብደት ግማሽ ገደማ ነው ብላችሁ ብትይዙ ከእውነቱ ብዙም አትርቁም። 16.9-30 የሚባለውን የኋላ ጎማ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በልኩ ሲሞላ 280 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። የውሃ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነውና የሁለቱ ጎማዎች ውሃ አንድ ላይ 560 ኪሎ ይሆናል። ይህ ማለት የትራክተሩ የመጎተት አቅም ከ250 ኪሎ በላይ ይጨምራል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሳይነካ!

ድሮ የእርሻ ትራክተር በጥርሳም የብረት ጎማ ነበር የሚሄደው። በ1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሊስ ቻልመርስ የተባለው አምራች ሞዴል ዩ የተባለውን ትራክተሩን በንፋስ የሚሞላ የላስቲክ ጎማ አልብሶ ለገበያ አቀረበ። ፍጥነት መጣ፣ ምቾት መጣ። ግን ንፋስ ክብደት የለውም። የኋላ ጎማ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ ባዶውን ቦታ ውሃ ሲሞላው ትራክተሩ አንዲት ብረት ሳይጨመርበት ይከብዳል። ክብደቱም ታች፣ መሬቱ አጠገብ ስለሚቀመጥ ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ይረጋል። ከፊት መጫኛ ለሚገጥሙ ሰዎችም የኋላው እንዳይነሳ ይይዝላቸዋል።

እንግዲህ «ውሃ ጥሩ ነው፣ ሁላችንም እንሙላ» ልትሉ ነው። ቆዩ! ቆዩ እላለሁ። ሳይለኩ መሙላት ሞተር ሳይመረምሩ እንደ ማስፈታት ነው። እኛ ያንን ስህተት አንድ ጊዜ ሠርተነዋል፤ እናንተ አትድገሙት።

እንዴት ይለካል? ጠመኔና ሁለት ካስማ ይበቃል። ከኋላ ጎማው ጎን ላይ በጠመኔ ደማቅ መስመር አስምሩ። ማረሻውን በሥራ ጥልቀቱ አውርዳችሁ በሥራ ማርሽ ንዱ። አንድ ሰው አጠገቡ እየሄደ መስመሩ መሬት ሲነካ የመጀመሪያውን ካስማ ይትከል፤ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ሁለተኛውን ይትከል። አሁን ማረሻውን አንሱና ያንኑ ርቀት ከካስማ እስከ ካስማ በባዶው ንዱ፣ ዙሩንም ቁጠሩ። በባዶው 9 ጊዜ ከዞረ መንሸራተቱ 10 በመቶ ነው። 8 ተኩል ከሆነ 15 በመቶ ነው። 7 ከሆነ ግን 30 በመቶ ነው፤ ጎማው 100 ሜትር ሲዞር እናንተ የሄዳችሁት 70 ሜትር ብቻ ነው። የ30 ሜትሩን ናፍጣ ከፍላችኋል፣ የ30 ሜትሩን ጎማ በልታችኋል፣ ማሳው ግን አልታረሰም።

ልኩ ስንት ነው? በማሳ ላይ ከ8 እስከ 15 በመቶ ድረስ መንሸራተት ጤናማ ነው። ይህንን ስናገር ብዙ ሰው ይገረማል፤ «መንሸራተት እንዴት ጤና ይሆናል?» ይለኛል። ጎማ ጭራሽ የማይንሸራተት ከሆነ ትራክተሩ ከሚገባው በላይ ከብዷል ማለት ነው። ያንን ክብደት ቀኑን ሙሉ በለስላሳ አፈር ላይ ማንከባለል ራሱ ናፍጣ ይበላል። ጭነቱ ሁሉ ወደ ማርሽ ሳጥኑና ወደ አክስሉ ይዞራል። አፈሩም ይጠቀጠቃል፤ ላዩን ብታርሱትም ከማረሻው በታች ያለው ደንድኖ ሥር አያስገባም። ስለዚህ ከ15 በመቶ በላይ ከተንሸራተተ ክብደት ጨምሩ፤ ከ8 በታች ከሆነ ቀንሱ።

ዱካውም ይናገራል። ጋሼ መዳፋቸውን ያሳረፉት ለዚህ ነው። የጥርሱ ቅርጽ ጥርት ብሎ፣ ጠርዙ ሳይፈርስ ከታተመ ትራክተሩ ከብዷል። ዱካው መሀል አፈሩ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ዳር ዳሩ ላይ ግን ቅርጹ ከቀረ ልክ ነው። ቅርጹ ጨርሶ ከጠፋ ቀልሏል። ይህንን በዓይን መልመድ ትችላላችሁ። እኔ ዛሬም ማሳ ስገባ ከትራክተሩ በፊት ዱካውን ነው የማየው።

አንድ ነገር ላክልበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጎማ አፈርን የሚይዝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሰበቃ ነው፤ ክብደት ሲጨምር ይጨምራል። ሌላው የአፈሩ እርስ በርስ መጣበቅ ነው፤ ይህኛው የሚጨምረው ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት ሲጨምር ነው። አሸዋማና ደረቅ አፈር ላይ ክብደት ይረዳችኋል። ውሃ የጠገበ የሸክላ ጭቃ ላይ ግን ክብደት ብዙም አይረዳችሁም፤ ይልቁንም ያሰምጣችኋል። ጭቃ ውስጥ የተያዘ ትራክተር ላይ ክብደት የሚጭን ሰው አይቻለሁ፤ እስከ አክስሉ ገባ። ለእንዲህ ያለው መሬት መልሱ ሰፊ ጎማ፣ የንፋስ ግፊት ወደ ልኩ ዝቅ ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሬቱ እስኪጠፈጠፍ መታገስ ነው። ለማንኛውም መሬት ቢሆን ውሃ ከማሰባችሁ በፊት የንፋሱን ግፊት ለኩ። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ በሆዱ ብቻ ይቆማል፣ መሬት የሚነካውም ጥቂቱ ነው። የጎማው አምራች ለየክብደቱ የሚያወጣው የግፊት ሠንጠረዥ አለ፤ እሱን ተከተሉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያልቃል።

የፊቱንም አትርሱ። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ትራክተር ከክብደቱ ከ25 እስከ 30 በመቶው ፊት ላይ መቅረት አለበት። የፊት ጎማውም የሚነዳ ከሆነ 40 በመቶ ገደማ ፊት፣ 60 በመቶ ገደማ ኋላ ይሁን። ኋላውን ብቻ አክብዳችሁ ከባድ ነገር ስትጎትቱ ፊቱ ይነሳል፤ መሪው መታዘዝ ያቆማል።

አሁን ወደ አሞላሉ። እዚህ ላይ በዝርዝር እሄዳለሁ። ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ ሌሎቹን ጎማዎች ፊትና ኋላ በሽብልቅ ያዙ። አክስሉን በክሪክ አንሱና ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ አስገቡ፤ በክሪክ ብቻ አታቁሙት። ቫልቩ ከላይ እስኪሆን ድረስ ጎማውን አዙሩ፤ በሰዓት ብንናገር 12 ላይ። ንፋሱን ሙሉ በሙሉ አስወጡ፣ የቫልቩን ውስጠኛ መርፌ ፍቱ። ለዚህ ሥራ የተሠራ ውሃ የሚያስገባና ንፋስ የሚያስወጣ መግጠሚያ አለ። ከሌላችሁ ውሃውን በቱቦ ከከፍታ ላይ ካለ በርሜል እያወረዳችሁ አስገቡ፤ እምቢ ሲል ቱቦውን ነቅላችሁ ንፋሱ ይውጣ፣ እንደገና ቀጥሉ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ውሃው ቫልቩ ጋ ደርሶ መፍሰስ ሲጀምር ጎማው 75 በመቶ ሞልቷል። እዚያ ላይ አቁሙ! መርፌውን መልሱ፤ ከዚያ በሠንጠረዡ ልክ ንፋስ ሙሉ። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱም ጎማዎች እኩል ይሞሉ።

ራዲያል ለሚባለው፣ ውስጡ ያለው ክር ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ለሚያልፍበት ጎማ ደግሞ ቫልቩን 4 ወይም 8 ሰዓት ላይ አድርጋችሁ እስከዚያ ብቻ ሙሉ፤ 40 በመቶ ይሆናል። የራዲያል ጎማ ጥቅሙ ጎኑ መለጠጡ ነው፤ ብዙ ውሃ ያንን ይወስድበታል። ራዲያል ለገጠመ ሰው እኔ በግሌ ውሃውን ትቶ ጎማው ላይ የሚታሰር የብረት ክብደት ቢጠቀም እመርጣለሁ። ብረት ሥራው ሲቀየር ይፈታል። ውሃ ግን ለእርሻ የሞላችሁትን ለመርጨትም፣ ለማጓጓዝም ተሸክማችሁት ትዞራላችሁ።

ለምን 75 ላይ? ለምን ሙሉ አይሞላም? ይህንን ጥያቄ በከባድ ዋጋ ነው የተማርኩት። ጋሼ ከሞሉልኝ በኋላ ሁለት ዓመት ቆይቶ ለሌላ ትራክተር እኔው ራሴ ሞላሁ። «ሩብ ለምን ይቀራል?» ብዬ ቫልቩን ዝቅ አድርጌ፣ ንፋሱን በሌላ በኩል እያስወጣሁ እስከ አፉ ሞላሁት። ውሃ አይጨመቅም ወንድሞቼ! ስፕሪንግ የሚሆነው ከላይ የሚቀረው ንፋስ ነው። ትራክተሩ በድንጋይ ጎማ የሚሄድ ያህል ሆነ፤ እያንዳንዱ ጉብታ አከርካሪ ውስጥ ይሰማል። በአሥረኛው ቀን ገደማ በአፈር የተሸፈነ ድንጋይ መታሁ። ጎማው ጎን ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ፤ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። አዲስ የሚባል ጎማ ነበር።

ምን እንሙላ? ውርጭ በማያገኘው ቦታ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ውሃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ በረዶ የሠራ ጎማ ይዞ የሚንቀሳቀስ ትራክተር ካላማዳሪያውን ይቀድዳል። ስለዚህ ብርቱ ቅዝቃዜ ባለበት ሌላ ነገር ይጨመራል። የቆየው ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው የጨው ዓይነት ነው። በክብደት 30 በመቶ ገደማ ሲሆን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንኳ አይረጋም፤ ሊትሩም 1.28 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ያው ጎማ 280 ሳይሆን ወደ 360 ኪሎ ይይዛል። ሲበጠበጥ በኃይል ይሞቃል። ሁልጊዜ ጨውን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ውሃውን ወደ ጨው አታፍስሱ፤ ዓይናችሁን ሸፍኑ፤ እስኪቀዘቅዝም ጠብቁ። ሹገር ቢት ከሚባለው የስኳር ተክል ሥር ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጭማቂም አለ፤ ከውሃ በ30 በመቶ ገደማ ይከብዳል፣ ብረት አይበላም። ለመኪና ራዲያተር የሚሆነውን ኤትሊን ግላይኮል ግን እባካችሁ አትሙሉ። ጣፋጭ ነው፤ ጎማው ቢቀደድ የፈሰሰውን ውሻውም ከብቱም ይልሰዋል፣ ይገድለዋል። ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ቢልም።

አንድ ወንድም እጁን አንስቷል... አዎ? «የገበታ ጨውስ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የገበታ ጨው ውሃውን ያከብደዋል፣ መርጋቱንም ያዘገየዋል፤ ግን ብረት ይበላል። ካልሲየም ክሎራይድም ይበላል። የሁለቱም ጠላትነት ከቸርኬው ጋር ነው። አንድ ጊዜ ለሥራ የተጠራሁበት ትራክተር ቫልቩ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ይዞ ነበር፤ እንደ ደረቀ ሊጥ ያለ። በካቻቢቴ ጫፍ ቅርፊቱን ጫር ሳደርገው ካቻቢቴው ቸርኬውን አልፎ ገባ! ከጀርባው ብረት አልቀረም፤ ዝገት ብቻ ነው ቀለሙን ይዞ የቆመው። ካላማዳሪያው በቀጭኑ ያንጠባጥብ ነበር፣ ማንም አላየውም፤ ዓመታት አለፉ። ጨው የሞላ ሰው በየሳምንቱ ቫልቩን ይይ። እርጥበት ወይም ነጭ ነገር ካየ በዚያው ቀን በብዙ ውሃ አጥቦ ያስጠግን።

አሁን ከቤቴ ያስወጣኝ ነገር ላይ ደርሰናል።

በአንድ ጋራዥ ውስጥ የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም። አንድ ትራክተር ከሌላ ሰው ተገዝቶ መጣ። የኋላው ጎማ ሊወርድ ነው። ሁለት ወጣቶች ዳዶዎቹን ፈቱ። ባዶ ጎማ ሁለት ሰው ተጋግዞ ያቆመዋል፣ ያንከባልለዋል፤ የለመዱት እሱን ነው። ይኼኛው ግን ውሃ አለው። ማንም አልነገራቸውም። ጎማው፣ ቸርኬውና ውሃው አንድ ላይ ግማሽ ቶን ይጠጋል። ዘንበል ሲል ሊይዙት ሞከሩ። አይያዝም! ውስጡ ያለው ውሃ ወደሚወድቅበት ጎን እየፈሰሰ ያከብደዋል። አንደኛው ዘለለ። የሌላው እግር ከሥሩ ቀረ። ስናወጣው አንድም ቃል አልተናገረም፤ ዳዶው ብቻ በእጁ እንደ ተጨበጠ ነበር። ዛሬ ይሄዳል፤ ግን ያኔ እንደሚሄደው አይደለም።

ምን ነበር የሚያድነው? አንድ ቃል። ቸርኬው ላይ በቀለም የተጻፈ አንድ ቃል! ስለዚህ የምለምናችሁ ይህንን ነው፤ ጎማ የሞላ ሰው ቸርኬው ላይ በሁለቱም ጎን «ውሃ አለው» ብሎ ይጻፍ። ጨው ከሆነ «ጨው አለው» ይበል። ቀኑን ይጨምርበት። ትራክተር ይሸጣል፣ ኦፕሬተር ይለወጣል፣ ባለቤት ይሞታል፤ ቀለሙ ግን ይቀራል። ውሃ ያለው ጎማ ከመውረዱ በፊት ውሃው ይፍሰስ፤ ማፍሰስ ካልተቻለ በማንሻ ይያዝ፣ በሰው እጅ አይያዝ።

ሲፈስም ጥንቃቄ አለው። መጀመሪያ ቫልቩን ወደ ላይ አድርጋችሁ የንፋሱን ግፊት አብርዱ። ግፊት እያለ መርፌውን ብትፈቱ ጨዋማው ውሃ ዓይናችሁ ላይ ይረጫል። ንፋስ ስትሞሉ ከጎማው ጎን ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ረጅም ቱቦ ያዙና በጥርሱ በኩል ሁኑ። አዲስ የገጠማችሁትን ጎማ ከንፈሩን፣ ማለትም ቸርኬውን የሚይዘውን ጠርዝ፣ ቸርኬው ላይ ለማስቀመጥ በግፊት መለኪያው ከ35 ፒኤስአይ አትለፉ፤ አልቀመጥ ካለ ንፋሱን አስወጥታችሁ፣ ቅባችሁ እንደገና ሞክሩ። ጎማ ያለበትን ቸርኬ ማንም አይበይድ! ንፋሱ ቢወጣም አይበይድ፤ ውስጡ ያለው ነገር በሙቀቱ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል። ብየዳ ካስፈለገ ጎማው ከቸርኬው ይውጣ።

ግፊት ስትለኩም ቫልቩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሁን። ቫልቩ ከታች ሲሆን የውሃው ክብደት ስለሚጨመርበት መለኪያው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ጨዋማ ውሃ የነካውን መለኪያ አጥባችሁ አስቀምጡ፤ ካልሆነ ወር ሳይሞላው ይዋሻችኋል።

ንግግር በዚህ ይብቃን። ውጭ ላይ አንድ ትራክተር ማረሻው ተቀጥሎ ቆሟል፤ ጎማው ባዶ ይሁን ሙሉ ይሁን ሆን ብዬ አልጠየቅሁም። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ካስማዎቹ በሩ አጠገብ ናቸው። መስመሩን ከእህቶቻችን አንዷ ታስምርልን፤ ዙሩን ሁላችንም ጮክ ብለን እንቆጥራለን። ኑ፣ እንውጣ።